ስለ ጠፈር ግዛት ጨዋታ ጀማሪዎች

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በባሕር ዳር ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ የጌም ቤት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን ስቴላሪስ የተባለ የጠፈር ግዛት መገንቢያ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጀምሩ ወጣቶች መርከብና ጣቢያ የሚሠራበትን ቅይጥ ብረት በሙሉ በጦር መርከብ ላይ አፍስሰው፣ ጎረቤታቸው ማን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ አያለሁ። በእኔ እምነት ቀዳሚው ወጪ የኮከብ ሥርዓቶችን የሚቃኝ ተጨማሪ የምርምር መርከብ ሊሆን ይገባል፤ ባልተቃኘ የኮከብ ሥርዓት ላይ ሥርዓቱን የግዛት አካል የሚያደርገውን ጣቢያ መትከል አይቻልምና። ጣቢያውም ከቅይጥ ብረቱ ሌላ በዝግታ የሚጠራቀመውን የተጽዕኖ ነጥብ ስለሚበላ፣ ያገኙትን ሁሉ ከመቆጣጠር ይልቅ ወደ ብዙ ሥርዓቶች የሚያሳልፈውን ጠባብ መተላለፊያ ቀድሞ ይዞ ከጀርባ ያለውን ቀስ ብሎ መሙላት ያዋጣል። (ጨዋታው በፈለጉት ሰዓት ቆም የሚደረግ ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።) የወጣቶች ዓምዳችሁ ለዚህ ዓይነቱ ምክር ጥቂት ቦታ ቢሰጥ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር