ለጠፊዋ ጓደኛዬ

አንቺ ጠፊ እንዴት ነሽ ግን? ቤተሰብ ስራ ጤና ሁሉ ሰላም ነው? እኛ እግዜር ይመስገን አለን፣ እማዬም ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ነች፣ ባህር ዳርም ያው እንደምታውቂያት ነች ሙቀቷም ባጃጇም አልቀነሰም። ማን ጠፋ ማን ፈለገ የሚለውን እንተወው፣ ሁለታችንም ጠፍተናል፣ እኩል ነን።

ቮይስሽን ደጋግሜ ሰማሁት። አዲሱ ስራ ቦታ ምሳ ላይ ሁሉም ሲሳሳቅ አንቺ ሳህንሽን እያየሽ እንደምትበዪ፣ ስብሰባ ላይ ስምሽ ሲጠራ ልብሽ ድም ድም እንደሚል፣ ማታ ደሞ አልጋ ላይ ሆነሽ የተናገርሻትን አንዷን ነገር ስታመላልሺ እንቅልፍ እንደሚጠፋ... አንቺዬ ይሄ እኮ የኔም ታሪክ ነው። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ስንማር "ወራጅ አለ" ማለት አቅቶን፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቀን ከሰፈራችን አልፈን በእግራችን የምንመለሰውን ረሳሽው? እኔ "አንቺ በይ" አንቺ "አይ አንቺ በይ"፣ ሹፌሩ ደሞ በመስታወት እያየን።

ሰው ዓይን አፋርነት ተፈጥሮ ነው ይላል፣ እኔ ግን ግማሹ አስተዳደግ ነው ባይ ነኝ። ትልቅ ሰው ሲገባ ኖር ብለን ተነስተን ወንበር ለቀን ወደ ጓዳ፣ ዝም አይነቅዝም እየተባልን፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ እየተባልን፣ ሴት ልጅ ትንሽ ካወራች ደሞ ለፍላፊ። ከዛ አድገሽ ኢንተርቪው ትገቢያለሽ፣ "እስቲ ስለራስሽ ንገሪን" ይሉሻል! መቼ አስተማራችሁንና። ብቻ ኖር ማለቱን አልጠላውም፣ እንደውም እሱ ነው ያዳነኝ ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም እኛ አገር የወሬው መግቢያ ተሰርቶ ነው የሚጠብቅሽ፣ እንዴት አደርሽ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ እንብላ፣ እግዜር ይማርሽ፣ ማንም ከራሱ መፍጠር የለበትም። የሚቸግረን ሰላምታው ካለቀ በኋላ ያለው ነው።

የኔ ነገር መለወጥ የጀመረው ሳላስበው ነው። በ2015 መጨረሻ ኔት ሲጠፋ፣ እኛም የዛኔ አይደል የተጠፋፋነው፣ ስልኬ የማያገለግል እቃ ሆነ። ከዛ በፊት ባንክ ሰልፍ ላይ በይው ሰርግ ላይ በይው ስልክ ውስጥ ነበር የምደበቀው፣ ምንም ሜሴጅ ሳይኖር ስክሪኑን ወደላይ ወደታች። መደበቂያዬ ሲጠፋ በግዴ ቀና አልኩ፣ ቀና ስትይ ደሞ ሰው አይንሽን አይቶ ሰላም ይልሻል፣ ሰላም ካለሽ መመለስ አለብሽ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ...

በኋላ ሳነብ ክላርክና ዌልስ የሚባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች በ1995 በፈረንጆቹ ይሄንኑ ጽፈውት አገኘሁት። ሰው የሚፈራ ሰው፣ ሰው መሀል ሲገባ ሀሳቡ ሁሉ ወደ ራሱ ይዞራል፣ ድምፄ ይንቀጠቀጣል ወይ፣ አልቦኛል ወይ፣ ሞኝ መሰልኩ ወይ እያለ ራሱን ይጠብቃል፣ እንዳይጋለጥ ብሎ ደሞ አይኑን ይሰብራል፣ የሚናገረውን በልቡ አስር ጊዜ ይለማመዳል፣ ጥግ ይይዛል። ችግሩ እነዚህ መከላከያዎች ራሳቸው ናቸው ፍርሃቱን የሚያቆዩት፣ ምክንያቱም ካልተጋለጥሽ ብትጋለጪም ምንም እንደማትሆኚ መቼም አታዪማ። እኔ ይሄን ሳነብ ስልኬን አየሁት በቃ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የዛን ሰሞን ቅዳሜ ከሰዓት የዘመድ ተዝካር ነበረብኝና ወደ ዘጌ በጀልባ ስሄድ አጠገቤ አንዲት እናት ጆንያ እግራቸው ስር አድርገው ተቀመጡ። መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ወርደሽ አታመልጪ። እንዴት ዋሉ እማማ አልኩ፣ እግዜር ይመስገን አሉ፣ ገበያ ነበሩ? አዎ ልጄ ጤፍ ሸምቼ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ አበቃ፣ ሀይቁን ማየት ነው። እኔ ግን እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም "እናንተ ጋ ጤፍ አይዘራም እንዴ?" አልኳቸው። ሴትዮዋ በሙሉ ሰውነታቸው ዞረው አዩኝ! "ኧረ የኔ ልጅ እኛ ጋ በሬ አይጠመድም፣ ከጥንት ጀምሮ ውግዝ ነው" አሉኝና በዛው ቀጠሉ፣ ዘጌ ደን ስለሆነች፣ ገዳማቱም ስላሉ እንደማይታረስ፣ ኑሮው ቡናና ጌሾ እንደሆነ፣ ቡናውን ሸጠው ነው እህል የሚሸምቱት። ቡናው እንዴት ነው ዘንድሮ ስላቸው ስለ ልጃቸው፣ ስለ ልጃቸው ስጠይቅ ስለ ምራታቸው (ይሄኛው ረጅም ነበር፣ ስንገናኝ)፣ በመሀል የእማዬን ጉልበት አነሳሁ፣ ምን ምን እንደምትቀባ ሳይቀር ነገሩኝ። እኔ ያወራሁት ቢደመር ከጥያቄ ሌላ ጥቂት ነው። ስንወርድ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "እንዴት ያለሽ ተጫዋች ልጅ ነሽ!" እኔን! አንቺ ብትኖሪ በሳቅ ጀልባው ይገለበጥ ነበር።

ስለዚህ የኔ ሚስጥር ሁለተኛዋ ጥያቄ ነች። ቀልድ ማወቅ አይደለም፣ ድምፅ ማጉላትም አይደለም። የመጀመሪያዋን ጥያቄ ሁሉም ሰው ይጠይቃል፣ መልሷንም ማንም አያዳምጥም፣ ከመልሷ ውስጥ አንድ ነገር አንስተሽ መልሰሽ ስትጠይቂ ግን ሰውየው መሰማቱን ያውቃል። ሀርቫርድ ያሉ ተመራማሪዎችም በፈረንጆቹ 2017 ባወጡት ጥናት ከመልስ ተነስተው መልሰው የሚጠይቁ ሰዎች የበለጠ እንደሚወደዱ አሳይተዋል። ኤፕሊና ሽሮደር የሚባሉ ተመራማሪዎች ደሞ በፈረንጆቹ 2014 ቺካጎ ውስጥ ባቡር የሚሳፈሩ ሰዎችን ወስደው አንዳንዱን ከማያውቀው ሰው ጋር አውራ አሉት፣ አንዳንዱን ብቻህን ተቀመጥ። ሰው አስቀድሞ ሲጠየቅ ማውራቱ መንገዱን ያበላሽብኛል ባይ ነበር፣ መንገዱ ደስ ያለው ግን ላወሩት ነው። ፈረንጅ በባቡር አጠናው እኛ በጀልባ ተፈተንን።

ግን ፖሊስ እንዳትሆኚ አደራ! ጥያቄ በጥያቄ ላይ ከሆነ ምርመራ ነው፣ በመሀል ከራስሽም ጣል አድርጊ፣ እኔ የእማዬን ጉልበት እንዳነሳሁት። ደሞዝ ስንት ነው፣ ለምን አላገባሽም፣ ልጅስ፣ እነዚህን ተያቸው እኛ ራሳችን ስንጠየቅ እንዴት እንደሚያመን እናውቃለን። የየት አገር ሰው ነሽ የምትለዋም ድሮ የጨዋታ መክፈቻ ነበረች፣ በዚህ ጊዜ ግን ሰው ያስደነግጣል፣ እሱ ራሱ ሲያነሳው ይሻላል።

የምሳውን ነገር በተመለከተ መላውን ጠረጴዛ ለማሸነፍ አትሞክሪ። አንድ ሰው ምረጪ፣ ያቺ አጠገብሽ የምትቀመጠዋ የምትስቅ ያልሽኝ ልጅ ትሁን፣ እሷ ጎን ቁጭ በይ፣ ምሳቃሽን ስትከፍቺ እንብላ በይ። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ መግባት ከባድ ነው ስለዚህ ትንሽ ቀደም ብለሽ ድረሺ፣ ሁለት ሰው ባለበት ወሬ መጀመር ስምንት ሰው ካለበት ጋር አይገናኝም። ስብሰባ ላይ ደሞ መጀመሪያ አካባቢ አጭር ነገር ተናገሪ፣ "ይሄ መቼ ነው የሚያልቀው" እንኳን ይሁን፣ ዝም ብለሽ በቆየሽ ቁጥር አፍ መክፈቱ እየከበደ ነው የሚሄደው።

የማታውን ሀሳብ በተመለከተ ኤሪካ ቡዝቢ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በፈረንጆቹ 2018 ያወጡት ነገር አለ፣ በጣም ነው ያጽናናኝ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አውርተው ሲጨርሱ እያንዳንዱ "እኔን ብዙም አልወደደኝም" ይላል፣ ሲጠየቁ ግን ሌላኛው ከጠበቀው በላይ ወዶታል። አንድ ዶርም የሚኖሩ ተማሪዎች ላይ እንደውም ለወራት ነው የቆየው። እና አንቺ ማታ ስትገላበጪ ያቺ የምትስቀዋ ልጅም ቤቷ ሆና "ዛሬ ብዙ ለፈለፍኩባት እንዴ" እያለች ይሆናል።

ቲክቶክ ላይ "በራስ መተማመን በ21 ቀን" የሚሉትን አትስሚያቸው። መስታወት ፊት ቆመሽ ጀግና ነኝ በይ ይላሉ፣ ሞከርኩት፣ እማዬ በሩን ከፍታ ከማን ጋር ነው የምታወሪው አለችኝ። ፍርሃቱ ከስራ የሚያስቀርሽ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው፣ ሐኪም ማየት ነውር የለውም፣ እኔ የማወራሽ እንደኛ ላለው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ማውራት ከከበደሽ በእግር ሂዱ። እዚህ ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ወክ የሚያደርገው እዛ ነው፣ ጎን ለጎን ስትሄጂ አይን ለአይን መተያየት የለም፣ ዝምታ ቢመጣም አባይን ታያላችሁ። ከቢሮ ልጆች ጋር የምቀራረበው እዛ ድልድይ ላይ ነው እንጂ ካፌ ውስጥ አልሆነልኝም፣ ካፌ ውስጥ ዛሬም እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም።

ብቻ አሁን የቤት ስራ ልሰጥሽ ነው። መልስ ስትልኪ ስለዛች ምሳ ላይ አጠገብሽ ስለምትቀመጠዋ ልጅ ትነግሪኛለሽ፣ ቅዳሜ ምን ታደርጋለች፣ ቡና ትወዳለች ወይ ሻይ፣ ምን ያስቃታል። ሳትጠይቂ ከፌስቡክ ካየሽው አልቀበልም። እማዬ ሰላም በያት ብላለች፣ ለአባባም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ለጥምቀት የምትመጪ ከሆነ ደሞ ቀድመሽ ንገሪኝ፣ አልጋውን አስተካክላለሁ።

ቻው የኔ እህት