ደብዳቤ ለልጄ፦ ስድስተኛው ላይ የቆመው ሰባት ቤት

ይድረስ ለልጄ፤

እንዴት ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቴክስት ላደርግልሽ ጀምሬ ነገሩ ሲረዝምብኝ ወደ ወረቀት ዞርኩ።

ለልጅሽ ክርስትና የዘር ሐረግ ጻፉ ብለሽ የላክሽውን ቅጽ የእኛን ወገን እስከ ሰባት ቤት ሞላሁት። አያትሽ ማታ ማታ እያስቆጠሩን ስላደግን አልከበደኝም። የባልሽ ወገን ግን አራተኛው ላይ ቆመ። አማትሽን ብጠይቃቸው ከአያታቸው ወዲያ እንደማያውቁ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ባሪያ ስለነበሩ ማንም እንዳልጻፋቸው ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። በ1850 እና በ1860ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ባሪያው የተመዘገበው በዕድሜ፣ በፆታና በቀለም ነው። ስም የተጻፈው የጌታው ነው። አብዛኞቹ በስማቸው የተቆጠሩት ገና በ1870 ነው።

ስልኩን ልንዘጋ ስንል ግን አማትሽ አንድ ነገር አነሱ። የአያታቸው አያት በሊንከን ጊዜ ወታደር ነበር ይባላል። ጆሮዬ ቆመ። ወታደር ካለ ጡረታ አለ፤ ጡረታ ካለ ዶሴ አለ።

ይህን የማውቀው ከእናቴ ነው። አያትሽ ወታደር አልነበሩ? ሲያርፉ እናቴ የተተኪ ጡረታ ለማግኘት ምስክር እየጎተተች ስንት ወር ተመላለሰች። ሠላሳ ዓመት አብራ የኖረችውን ሰው ሚስት መሆንሽን አስረጂ አሏት። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው የአያትሽ የትውልድ መንደር፣ የእኛ የልደት ቀን፣ የጎረቤቶቻችን ስም ሁሉ እዚያ ዶሴ ውስጥ አለ።

በሊንከን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት 179,000 ያህል ጥቁሮች በሰሜኑ ጦር ዘምተዋል። ዋሽንግተን ዩ ስትሪት፣ ክትፎ የምንበላበት አካባቢ፣ ሐውልታቸው አለ፤ ግድግዳው ላይ ስማቸው ተቀርጿል። ፓርኪንግ ስንፈልግ ስንቴ ዞረነዋል፤ አንድ ቀን ግን ወርደን አላነበብንም።

መጀመሪያ የጡረታውን ማውጫ ኢንተርኔት ላይ ፈለግን። ካርዱ ላይ ለአንድ ሰው ሁለት ስም ተጽፎ አገኘን። ሲዘምት የጌታውን ስም ይዞ ተመዘገበ፤ በኋላ የራሱን መረጠ። ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ያስመለጠችው የሃሪየት ተብማንም ባል በአንድ ስም ዘምቶ በሌላ ስም ነው የኖረው። እሷ እንኳ፣ ያን ያህል የታወቀች ሴት፣ በ1890 ጠይቃ የባሏን ጡረታ በወር 8 ዶላር ያገኘችው በ1895 ነው። በስም ነገር እኛም የምንስቀው የለንም፤ የአያትሽ ስም አሜሪካ ሲገባ የቤተሰብ ስም ሆኖ አረፈው።

ዶሴው ራሱ ኢንተርኔት ላይ የለም። ባለፈው ረቡዕ ከአማትሽ ጋር ዋሽንግተን ናሽናል አርካይቭስ፣ የመንግሥቱ ቤተ መዛግብት፣ ሄድን። እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። የመጣልን ጥቅል ከ80 ገጽ በላይ ነው።

ሰውየው ሲሞት ባልቴቷ ጡረታ ጠየቀች። የጋብቻ ወረቀት ግን የላትም፤ የባሪያን ጋብቻ ሕጉ አያውቀውም ነበር። ስለዚህ መርማሪ ተላከባት። ጎረቤት፣ አዋላጅ፣ የጦር ጓደኛ፣ ሁሉንም እየዞረ አስምሎ ጠየቀ። አዋላጇ የመጀመሪያዋን ልጅ እሷ እንደተቀበለቻት፣ ጊዜውም ጥጥ ለቀማ ሊጀመር ሲል እንደነበር መስክራለች። ያቺ ልጅ የአማትሽ አያት እናት ናት! የጌታቸው ስምና የእርሻው ቦታም አለ፤ የእሱን ኑዛዜና የንብረት ዝርዝር ለመፈለግ ይጠቅመናል። ዕድሜውን ብቻ እንዳታምኚ። ሰውየው በሦስት ወረቀት ሦስት ዕድሜ አለው፤ ልክ እንደ አገራችን ሽማግሌ።

ባልቴቷ መፈረም ስለማትችል ጸሐፊው ስሟን ጽፎላት መሃሉ ላይ መስቀል አድርጋለች። የመስቀሉ አንድ ጫፍ ወፍሯል፤ ብዕሩን ተጭናው ይሆናል። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀት ላይ ስትጫን ታየችኝ። አማትሽ ምንም አልተናገሩም። ወረቀቱን ሳይነኩ ጣታቸውን በላዩ አስኬዱት።

እንግዲህ ስድስት ቤት ሞልተናል። የሰባተኛዋ፣ የባልቴቷ እናት ስም፣ በአንድ ምስክር ቃል ውስጥ አለ፤ ግን የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ አልነበብ አለን። ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ባልሽ ዓይኑ ጥሩ ነው፤ አጉልቶ ይይልን። እኔ የመጀመሪያው ፊደል ዲ ነው እላለሁ፤ አማትሽ ኦ ነው ብለው ድርቅ ብለዋል።

እናትሽ