ይድረስ ለኮማንደሬ

ኮማንደር፣ እንዴት ነሽልኝ? ሐዋሳስ እንዴት ይዞሻል? ልጆቹ አደጉ? ከተነጋገርን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ቆጥሬዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ከረቡዕ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የሰነበተውን ልንገርሽ። ከአንቺ ሌላ የሚገባው ሰው የለም።

ትራፊክ ከሰሰኝ። ቀይ መብራት ጥሰሻል ተብዬ።

እንዳትስቂ። ስሚኝ።

ረቡዕ ጠዋት ከፒያሳ ተነስቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ታች እወርዳለሁ። 4 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ከጎኔ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ተቀምጧል። ብሔራዊ ቴአትርን አልፈን ለገሃር መብራት ጋ ስንደርስ መንገዱ ቀጥ ብሏል። እጀባ ሊያልፍ ነው ተባለ። አለፈ። ከዚያ በኋላ መብራቱ ሁለቴ አረንጓዴ ሆነ፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። መሀል የቆመው ትራፊክ መዳፉን ወደ እኛ አዙሮ ይዞናል። ኋላችን ያለው ሰልፍ ፖስታ ቤት ሳይደርስ አይቀርም። ጥሩምባው ጆሮ ያደነቁራል።

በኋላ ሰውየው ዞረ። ጎኑን ሰጠንና በቀኝ እጁ ይጠራን ጀመር፣ ቶሎ ቶሎ። በዚያች ሰዓት መብራቱ ቀይ ነው። አይቼዋለሁ፣ አልክድም። እሱ ግን እየጠራን ነው። ፊቴ የነበረው ሚኒባስ አለፈ፣ አንድ ፒክአፕ አለፈ፣ ሦስተኛ እኔ ነኝ። ነጭ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎታል፣ እጁ ላይ ጥቁር ማሰሪያ ያለው ሰዓት አለ። ያን ያህል ቅርብ ነበርኩ። አለፍኩ።

ብዙም ሳልሄድ ሌላ ትራፊክ ከእግረኛ መንገዱ ወርዶ ዳር አስያዘኝ።

«ቀይ ነው የጣስሽው።»

«ያሳለፉን እኮ ያኛው ናቸው» አልኩት።

ዞሮ አየ። ያኛው ጀርባውን ሰጥቶን ከስታዲየም የሚመጣውን ያስተናግዳል። «እኔ ያየሁት መብራቱን ነው» አለኝ። ሰውየው የዋሸ አልመሰለኝም፣ አሁንም አይመስለኝም። ከቆመበት መብራቱ ይታያል፤ የባልደረባውን እጅ ግን አውቶቡስ ጋርዶበት ነበር። መንጃ ፈቃዴን ተቀብሎ መጻፍ ጀመረ። እስክሪብቶው እምቢ ሲለው ወረቀቱ ጥግ ላይ ክብ ክብ አድርጎ ሞነጫጨረ። ያ ሙጭርጭር ይኸው አሁንም ፊቴ ነው። ታርጋ፣ ኮድ 2፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ጥፋት። አምስት መስመር እንኳን አይሞላም።

ከዚያ የሆነውን ነው በደንብ እንድትሰሚኝ የምፈልገው። ባልደረባዬ መኪና ውስጥ «ይሄማ ግፍ ነው» ሲል ነበር። ቢሮ ስንደርስ «ምስክር ትሆነኛለህ?» አልኩት። ስልኩን እያየ «አረ ተይ እባክሽ፣ ክፈይና ተገላገይ» አለኝ።

ክፈይና ተገላገይ። ቃል በቃል፣ ኮማንደር። ያኔ አንቺን ያልኩሽን።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥቁር አንበሳ በር ላይ እማዬን ደግፈሽ ስታወርጂ ታየሽኝ። በሩ ላይ የነበረው ትራፊክ «እዚሁ ጋ አውርጃት፣ ቶሎ በይ» ሲልሽ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሰምቻለሁ። ሌላው መጥቶ «ክልክል ቦታ አቁመሻል» ብሎ ሲጽፍብሽም እዚያው ነበርኩ። ከእማዬ ሌላ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እማዬ ደግሞ ያን ቀን ስሟንም አታውቀውም። አቤቱታ ላቀርብ ነው፣ ነይና የሰማሽውን ተናገሪ አልሽኝ። ሥራ በዛብኝ አልኩሽ። በማግስቱም ስልኬን አላነሳሁም። ሥራ አልነበረብኝም። ፈራሁ። ፖሊስ ፊት ቆሞ መናገር ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አንቺ የተማሪ ሰርቪስ እየነዳሽ ነበር የምትኖሪው፤ የጥፋት ነጥብ ሲመዘገብብሽ ለእንጀራሽ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ደውዬ ሳይጠራ ዘግቼዋለሁ።

እሺ። ብያለሁ። አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ፣ አለዚያ ይህን ደብዳቤ አልጨርሰውም።

አልከፈልኩም። ቴሌብር ከፍቼ ቁጥሩን ልሞላ ነበር፣ ተውኩት። ሐሙስ ጠዋት ፈቃድ ጠይቄ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ሄድኩና ነጋሪት ጋዜጣውን ጠየቅሁ። እኛ መንጃ ፈቃድ ስናወጣ የተማርነው በትራፊክ ደንብ ቁጥር 208/2003 ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ያቺ ጥጓ የተጣጠፈ ፎቶኮፒሽ! አሁን የሚሠራበት 557/2016 ነው። ካፌ ቁጭ ብዬ በግራ ያለውን አማርኛውን ብቻ አነበብኩ። የቀኙን እንግሊዝኛ ተውኩት፤ ሁለቱ ቢለያዩ የበላይ የሚሆነው አማርኛው ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 3/1987። እኔ እንኳ ይህን ያወቅኩት አሁን ነው። አንቺ ግን ሳታውቂው አትቀሪም።

ደግሞ የገረመኝ፣ ያን ሁሉ ገጽ ሳገላብጥ የምሰማው ያንቺን ድምፅ ነው። ማሠልጠኛው ግቢ ግራር ሥር ተቀምጠን «ትራፊኩ፣ መብራቱ፣ ምልክቱ፣ መስመሩ» እያልሽ በጣትሽ ስታስቆጥሪኝ። መሀል ላይ ትራፊክ ፖሊስ ካለ መብራቱን አትዪ፣ እሱን እዪ ትይኝ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እሱ ቁሚ ካለሽ ትቆሚያለሽ። ቀይ ሆኖ እለፊ ካለሽ ታልፊያለሽ። የኔ ነገር እኮ በሙሉ ይኼው ነው! እንዲያውም አልሄድም ብዬ ብገተር ኖሮ ጥፋት የሚሆንብኝ ያ ነበር፣ የትራፊክ ትእዛዝ አለማክበር።

ሰው ሁሉ ለምን ወረቀቱን እንደ ፍርድ እንደሚያየው አይገባኝም። ራሳችን «ክስ» ነው የምንለው። ተከሰስኩ እንላለን እንጂ ተፈረደብኝ አንልም። ለክስ መልስ ይሰጣል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 37 ላይ ጉዳይህን መዳኘት ለሚችል አካል አቅርበህ ውሳኔ የማግኘት መብት አለህ ይላል። መንጃ ፈቃድሽ ሲያዝ ግን ይህ ሁሉ ከአእምሮሽ ይጠፋል። ቀኑ ይሄዳል፣ ሥራ አለ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይወጣል። ከፍለሽ ትገላገያለሽ። በዚህ አሁን በማንም አልፈርድም።

አርብ ዕለት ማመልከቻ ይዤ አቤቱታ ወደሚቀበለው ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ልጅ ጨዋ ናት። አነበበችውና «ያሳለፈሽን ሰው ስም ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም። «ሌላ ያየ ሰው አለ?» አለችኝ። ባልደረባዬን አሰብኩና አንገቴን ደፋሁ። «ካለሽ ማክሰኞ 3 ሰዓት ይዘሽው ነይ» ብላ ቀጠረችኝ።

ከዚያ ወጥቼ በእግሬ ለገሃር ሄድኩ። እዚያ ማዕዘን ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ማነው ብዬ ሳስብ ሊስትሮዎቹና ሎተሪ አዟሪው መጡልኝ። ሊስትሮዎቹ አላስታወሱም። ሎተሪ አዟሪው ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ካፖርታቸውን ሐምሌም ሚያዝያም የማያወልቁ ዓይነት። «ጋሼ፣ ረቡዕ እጀባ ያለፈ ጊዜ እዚህ ነበሩ?» ብዬ ስጀምር ሳልጨርስ «ነጯ ቪትዝ!» አሉኝ። «እሱ በእጁ ጠርቶ አሳለፋችሁ፣ ያኛው ያዘሽ። አንቺን ብቻ። አዘንኩልሽ።» ቆሜ አለቀስኩ፣ ኮማንደር። መሀል ለገሃር። ሰው እያየኝ።

ማክሰኞ ይመጡልኝ እንደሆን ጠየቅኋቸው። የግማሽ ቀን ገበያቸው ነው እኮ። ሎተሪዎቹን ከያዙበት ካርቶን ላይ አንድ ሁለቱን አስተካከሉና «ያየሁትን መናገር ምን ይከብዳል?» አሉኝ። ለሳቸው እውነትም ከባድ አይደለም።

ሎተሪ ልገዛቸው ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ምስክሬ ናቸው። ገንዘብ ስሰጣቸው ያየ ሰው ምን ይላል? ዝም ብዬ እጃቸውን ስሜ ሄድኩ። ትክክል ሠራሁ ወይ? ይህን የምጠይቅሽ ከልቤ ነው፣ ንገሪኝ።

ማመልከቻዬን ፎቶ አንስቼ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አንድ ገጽ ናት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «መብራቱ ቀይ እንደነበር አምናለሁ» ብዬ ጀምሬአለሁ። ወንድሜ አውጪው፣ ራስሽን ታስከስሺያለሽ አለኝ። እኔ ደግሞ እውነቱን ሳልደብቅ ብነሳ ቀሪውን ያምኑኛል ብዬ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ? በቀይ እስክሪብቶ እንደ ድሮው አስተካክለሽ ላኪልኝ። እስከ ሰኞ ማታ እጠብቃለሁ።

ሌላ አንድ ነገር... እንዴት እንደምለው አላውቅም። ያንቺ የያኔው ወረቀት አለሽ? ወረቀት እንደማትጥዪ አውቃለሁ፣ የ10ኛ ክፍል ካርድሽ እንኳን ሳይኖርሽ አይቀርም። ካለሽ ቀኑንና ቁጥሩን ላኪልኝ። ጊዜው አልፏል፣ ከፍለሽዋል፣ ምንም ላይሠሩልሽ ይችላሉ። እኔ ግን ያን ቀን የሰማሁትን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ እልክልሻለሁ። የፈለግሽበት ቦታ አስገቢው። ባትፈልጊውም ቅደጂው። መጻፉን ግን እጽፈዋለሁ።

ባትመልሺልኝም ይገባኛል። ብትመልሺልኝ ግን... ተይው።

እማዬ ደህና ናት፣ አሁን በከዘራ ትንቀሳቀሳለች። «ያቺ ሾፌሯ ልጄስ?» ትላለች በየእሁዱ። ሐዋሳ ናት እላታለሁ፣ ሌላውን አልነገርኳትም። አንቺው ደውዪላት፣ ቁጥሯ ያው የድሮው ነው። ሰሞኑን ፒያሳን ብታዪ አታውቂውም፣ ፈርሶ ተሠርቶ ሌላ ሆኗል። እሱን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

ማክሰኞ ሽማግሌውን በ2 ተኩል ከለገሃር አነሳቸዋለሁ። ውሳኔው ምንም ሆነ ምን፣ ከቢሮው ስወጣ መጀመሪያ የምደውለው ላንቺ ነው። ከፈለግሽ አታንሺው። እኔ ግን አስጠራዋለሁ።

ያንቺው