እማዬ፣ አራስ ቤቴን ልንገርሽ

ሮተርዳም፣ ሆላንድ
የካቲት 2017 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? አባዬስ እንዴት ነው? እትዬ ዘሀራና የግቢው ሰው ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ረድኤት እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ ወደ አገር ቤት ለሚገባ ሰው ነው የሰጠሁት። በስልክ ብዙ ብናወራም ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ግማሹ ይጠፋል፤ የተረፈውንም አንቺ ስታለቅሺ፣ እኔም ሳለቅስ ሳንጨርሰው እንዘጋለን። አሁን ልጅቷ ጠግባ ስለተኛች ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

ቪዛው የተከለከልሽ ቀን «ልጄ ያለ ሰው ልትወልድ ነው» ብለሽ እህል አልቀምስም እንዳልሽ ወንድሜ ነግሮኛል። እኔም በዚያ ሰሞን ሆዴ ባባ። አሁን ግን እሱን ኀዘን ከልብሽ እንድታወጪው እፈልጋለሁ፤ ያለ ሰው አልወለድኩምና።

ምጥ የያዘኝ ገና ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሌሊት ላይ ነው። አዋላጇ ቤት ድረስ መጥታ አየችኝና ጊዜው ሲደርስ ሆስፒታል ይዛኝ ገባች። ባለቤቴ ስልኩን ከፍቶ ራስጌዬ ስላስቀመጠው የአንቺንና የእትዬ ዘሀራን ድምፅ እየሰማሁ ነው ያማጥኩት። አንቺ «ማርያም ማርያም» ስትይ እሷ «አላህ ይገላግልሽ» ትላለች። ሐኪሞቹ የሚሉት ቢጠፋቸውም ስልኩን ዝጉ ያለን አልነበረም። ልጅቷ ስትወጣ እልልታሽ ክፍሉን ሞላው።

ወደ ቤት የተመለስነው በዚያው ቀን ነው። ይህን ስነግርሽ እንደ ደነገጥሽ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን እናትና ልጅ ደኅና ከሆኑ ከወሊዱ ጥቂት ሰዓታት በኋላ ወደ ቤት መሄድ የተለመደ ነው። ጭራሽ ቤታቸው ከአዋላጅ ጋር የሚወልዱም ብዙ ናቸው። ይህ ሊሆን የቻለው ቤት የሚጠብቅሽ ሰው ስላለ ነው። ክራምዞርግ ይሉታል፤ የአራስ ጠያቂ ሳይሆን የአራስ አስታማሚ በይው። ለዚህ የሠለጠነች ሴት ስምንት ቀን ያህል እየተመላለሰች ታርስሻለች። አብዛኛውን የሚከፍለው ሁሉም ሰው የሚገባበት የጤና መድን ነው፤ እኛ የጨመርነው ለየሰዓቱ ጥቂት ዩሮ ብቻ ነው። ሀብታምም ይሁን እንደ እኔ ሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ የሚሠራ፣ ሁሉም ሴት ያገኘዋል።

እማዬ፣ ያቺን ሴት ብታያት ትወጃት ነበር። በዕድሜ አንቺን የምታክል፣ እጇ ሥራ የለመደ ሴት ናት። አልጋዬ ቀድሞውኑ በእንጨት እግር ከፍ ተደርጎ ስለነበር ሳታጎነብስ ታገላብጠኛለች። ልክ እንደ ገባች እጇን ታጠበች፤ ከዚያ ልጅቷን ፈትታ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጣቷ አየቻት፣ ሙቀቷን ለካች፣ ቀጥሎ ወደ እኔ መጣች። በየቀኑ ሆዴን በእጇ ጫን እያለች ማሕፀኔ ወደ ቦታው መመለሱን ታያለች፤ የደሜን መጠን ትጠይቀኛለች፤ ጡቴን ታያለች። ልጅቷ ስንት ጊዜ እንደ ጠባች፣ ስንት ዳይፐር እንዳረጠበች ሁሉን በደብተር ትጽፋለች። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱን ትፈትጋለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ምሳዬን አልጋ ድረስ ታመጣለች። ልነሣ ስል ደግሞ እንደ አንቺ ትቆጣለች!

ብርዱ ከባድ ስለነበር የብረት ጠርሙስ የፈላ ውኃ ሞልታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ልጅቷን እንዳይነካት አንድ ስንዝር ያህል አርቃ አልጋዋ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ልጅቷ የምትተኛው ያለ ትራስ፣ በጀርባዋ ነው። እኛ በጎን ነበር የምናስተኛው፤ ሕፃናት በእንቅልፍ ላይ ድንገት እንዳይሞቱ በጀርባ መተኛቱ እንደሚረዳ አስረዳችኝ፤ አምኜበታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ያለ ምክንያት አለቀስኩ። ጡቴ ወጥሮ ወተቱ የገባበት ቀን ነው። ልጅቷን እያየሁ፣ አንቺን እያሰብኩ፣ ዝም ብዬ ማልቀስ ብቻ። ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ምን ሆንሽ አላለችም። በዚህ ቀን አብዛኛው አራስ ያለቅሳል፣ አልቅሺ አለችኝና ልጅቷን ተቀብላ መጋረጃውን ዘጋችልኝ። እኔው ሳልጠራት ደግሞ አልገባችም።

የገንፎው ነገር የገና ዕለት ነው። ባለቤቴ የላክሽውን የገብስ ዱቄት አውጥቶ፣ አንቺ በስልክ «አማስል! እንዳይጓጉል አማስል!» እያልሽው ላቡ ጠብ እስኪል ያገላብጥ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሴትዮዋ ቆማ ስታየው ቆየችና ድስቱን በሁለት እጇ ያዘችለት። መሐሉን ጎድጎድ አድርገን ቅቤና በርበሬውን ስናፈስስበት እሷም ከዳር ቆርሳ ቀመሰች። በእነርሱ ልማድ ደግሞ ልጅ ሲወለድ ደረቅ ክብ ብስኩት ቅቤ ተቀብቶ፣ በላዩ በስኳር የተለበጠ እንስላል መሰል ፍሬ ይነሰነስበታል፤ ለሴት ልጅ ሮዝና ነጭ ነው። እሷ ያንን ለጠያቂዎቻችን አዘጋጀች። የሮተርዳም አበሻ ገንፎና ብስኩት አንድ ላይ በልቶ ሄደ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽና እንዳትቀየሚኝ። ልጅቷን ቅቤ አላስላስናትም። ሆን ብለን ነው። እንገሩ ቢጫና ጥቂት ስለሆነ ለልጅ አይረባም ሲባል ነበር የምንሰማው፤ እሱ ግን ልጅን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያው ምግቧ ነው፤ የሕፃን ሆድም ትንሽ ስለሆነ ጥቂቱ ይበቃታል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቷ ትንሽ ቀንሶ ነበር፤ የአብዛኛው ሕፃን ይቀንሳል፣ ከዚያ ይመለሳል። እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ውኃ እንኳ አትቀምስም። ይህን የፈረንጅ ወግ አታድርጊብኝ፤ የሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም የምትለው ይህንኑ ነው። እትብቷ ላይም ምንም አልተቀባም፤ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ በራሱ ወደቀ።

የጠዋት ፀሐይ ያልሽውን ግን እነርሱም ያውቁታል። አንቺ እኛን ጦሳ ተራራ ላይ ፀሐይ ስትወጣ በር ላይ እንዳሞቅሽን፣ እዚህ በብርዱ ወራት ፀሐይ ስለማትበረታ ለሕፃናት ሁሉ በየቀኑ የቪታሚን ዲ ጠብታ ይሰጣል። ከተረከዟም ደም ወስደው ከውልደት ጋር የሚመጡ ከሃያ በላይ ከባድ በሽታዎችን መረመሩላት፤ ነጻ ናት።

ስሟን ያወጣሽላት አንቺ ነሽ። አባቷ በሦስት ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማስመዝገብ ስለነበረበት ነው ያን ያህል ያጣደፍንሽ። እሱ ለመጀመሪያው ሳምንት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ነበረው፤ እኔ ደግሞ ከወሊድ በፊትና በኋላ ተደምሮ 16 ሳምንት አለኝ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው። የወንድሜ ሚስት በሚያዝያ ትወልዳለች። እናት የላትም፤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ጎረቤቶቿ ጠዋት ሥራ ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። ስደውልላት ትስቃለች፤ እኔ ግን የዚያን ሣቅ ውስጡን አውቀዋለሁ፣ እኔም እንዲሁ ስቄያለሁ። ደሴ ብትወልድ እትዬ ዘሀራ በአጥሚት፣ ሌላዋ በእንጀራ ይከቧት ነበር። ባለችበት ግን ማንም የለም። እማዬ፣ ለእኔ ይዘሽ ልትመጪ የነበረውን ሻንጣ ይዘሽ ወደ እሷ ሂጂ። ልጁን ሳይሆን መጀመሪያ እሷን ያዢ። ጠያቂ ሲበዛ በር ዝጊ። ያለ ምክንያት ካለቀሰች አትቆጫት፤ ለቅሶው ሳምንት አልፎ ካልተወ ግን ሐኪም ይያት። ደሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴሱን ካራሰ፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰዷት። እንገሩን ታጥባው፤ የ45 ቀኑ ክትባትም እንዳያልፈው። ወንድሜንም ገንፎ ማማሰል አስተምሪው። የአውቶቡሱንና የሁለት ወር ወጪሽን በወንድሜ በኩል ልኬያለሁ።

የእኛ የክርስትና ቀን፣ ሰማንያዋ ሲሞላ፣ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል ድግሱ የጾም ነው። ለእኔ ቅቤና ቋንጣ አትላኪ፤ ወደ አውሮፓ ማስገባት ስለማይፈቀድ አውሮፕላን ማረፊያ ይቀማሉ። ከቻልሽ የገብስ ዱቄት፣ አብሽና ለልጅቷ አንድ ትንሽ ነጠላ በዚሁ ሰው ስጭልኝ፤ የሚመለሰው ከፋሲካ በፊት ነው። ፎቶዎቹ ስድስት ናቸው፤ አንዱ የእትዬ ዘሀራ ነው፣ ለአባዬ ደግሞ ትልቁን ስጭልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ