ሁለተኛ ልጄን በሰላም ላስታቀፉኝ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ሴት ልጄን ከታቀፍኩ ዛሬ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። እስካሁን ብዕር ያላነሣሁት ውለታችሁን ዘንግቼ ሳይሆን ቁስሌ ጠግጎ እንደ ልቤ መቀመጥ እስክችል ስጠብቅ ነው።

የመጀመሪያ ልጄ በመቀመጫው ዞሮ ስለነበር ከሦስት ዓመት በፊት የተወለደው ምጥ ሳይጀምረኝ በቀዶ ጥገና ነው። ዳግመኛ ባረገዝኩ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በቀዶ ጥገና የወለደች ሴት ምጥን መሞከር የለባትም የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው ይደርሰኝ ነበር። ይህ አባባል ምን መነሻ እንዳለው ያስረዱኝ ሐኪሜ ናቸው። ክሬጊን የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪም በ1916 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «አንድ ጊዜ ቀዶ ጥገና፣ ሁልጊዜ ቀዶ ጥገና» ብለው ሲጽፉ፣ በዘመኑ ማሕፀን በብዛት የሚቀደደው ከላይ ወደ ታች ስለነበረ ጠባሳው በምጥ ኃይል የመተርተር አደጋው ከፍተኛ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው በታችኛው ስስ ክፍል፣ በአግድም ነው።

ዶክተር፣ ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግንዎ ምርጫውን ለእኔ ከመተውዎ በፊት የሁለቱንም መንገድ ዋጋ ሳይሸሽጉ ስለነገሩኝ ነው። እንደ እኔ አንድ አግድም ጠባሳ ኖሯቸው ምጥን ከሚሞክሩ 100 ሴቶች መካከል ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት በምጥ እንደሚገላገሉ፣ ጠባሳው የሚተረተረው ከ200 ሴቶች በአንዷ ገደማ እንደሆነ፣ ከተተረተረ ግን የእናትም የልጅም ሕይወት በደቂቃዎች ላይ እንደሚንጠለጠል ነገሩኝ። ቀን ተቆርጦለት የሚደረግ ድጋሚ ቀዶ ጥገና ይህን ስጋት እጅግ ቢቀንሰውም፣ ጠባሳ በተደራረበ ቁጥር በሚቀጥለው እርግዝና እንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ሥር ሰድዶ አልላቀቅ የማለቱ ዕድል ይጨምራል። ሦስተኛ ልጅ እንደምንመኝ ስለሚያውቁ ይህን ደጋግመው አነሡልኝ። ምጥ ተሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር የሚደረገው ቀዶ ጥገና ደግሞ አስቀድሞ ከታቀደው ይልቅ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን እንደሚያጋልጥም አልደበቁኝም። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ያንኑ ጥያቄ ስጠይቅዎ ሦስት ጊዜም እንደ አዲስ መለሱልኝ።

ምጥን ለመሞከር ብወስንም አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። ቆዳዬ ላይ ያለው ጠባሳ አግድም መሆኑ የማሕፀኔን ጠባሳ አቅጣጫ አያረጋግጥም፤ ያንን የሚነግረን የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ጽሑፍ ብቻ ነበር። መጀመሪያ የወለድኩበት ተቋም ሁለት ጊዜ «ፋይሉ አልተገኘም» ብሎ መለሰኝ፤ በዚህ ዛሬም አዝናለሁ፤ አንዲት እናት ስለ ራሷ አካል የተጻፈውን ለማግኘት ልትለምን አይገባትም። በሦስተኛው ቀን የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥተው ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ክላሰር አወረዱና ሉሆቹን አንድ በአንድ እየገለጡ ቆዩ። ከዚያም ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳርፈው «ይኸውልሽ ልጄ» አሉኝ። «የማሕፀን ታችኛው ክፍል፣ አግድም ቅድ፣ በሁለት ድርብ የተሰፋ» ይላል። አባቴ፣ ያቺ አንዲት መስመር የሐኪሜን ምክር ሁሉ መሬት አስረግጣልኛለችና እጅዎ ይባረክ።

ምጡ በ39ኛው ሳምንት በራሱ መጣ። ሲስተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ከልብ ምት መቆጣጠሪያው ወረቀት ላይ ዓይንሽን አልነቀልሽም። የማሕፀኔ በር 8 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት፣ ከእያንዳንዱ ቁርጠት በኋላ መስመሩ ቁልቁል ወርዶ ለመመለስ ይዘገይ ጀመር፤ አንቺም ሳትጮኺ፣ ሳታስደነግጪኝ፣ እጄን እንደያዝሽ በሌላው እጅሽ ዶክተሩን ጠራሽ። ጠባሳ መላላት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው የልጁ የልብ ምት እንደሆነ በእርግዝናዬ ጊዜ ስለተነገረኝ፣ ያንን መስመር ሳይ ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ። ዶክተርም መጥተው ወረቀቱን አዩና «ውሳኔው አሁንም ያንቺ ነው፤ እኔ ግን አሁኑኑ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል እንግባ እላለሁ» አሉኝ። በዚያ ጭንቅ መካከል እንኳ ፈቃዴን መጠየቅዎን ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም።

ስትወለድ ወዲያው አለቀሰች። ጠባሳው እንደ ወረቀት ሳስቶ ቢገኝም አልተተረተረም። ማደንዘዣውን የሰጡኝ ባለሙያ ከመጋረጃው በዚያ በኩል እየሆነ ያለውን ሁሉ በጆሮዬ እየነገሩ ስላረጋጉኝ፣ የቤተ ሙከራ ባልደረቦችም ገና ምጤ ሲጀምር ደም አዘጋጅታችሁ ስለጠበቃችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ባለቤቴ፣ ስወስንም ሐሳቤን ስቀይርም «አንቺ ካልሽው» ብለህ ከጎኔ ስለቆምክ፣ እህቴ ደግሞ ትልቁን ልጄን እንደ እናቱ ሆነሽ ስለያዝሽልኝ አመሰግናችኋለሁ።

ያ ሁሉ ምጥ በከንቱ ቀረ ብለው የሚያዝኑልኝ ወዳጆች አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ ሞክሬአለሁ፣ ስሞክርም ለአፍታ ብቻዬን አልተተውኩም፣ መቆም ባለበት ሰዓትም ቆሟል። ዶክተር ከሆስፒታል ስወጣ የሁለተኛውን ቀዶ ጥገና ጽሑፍ ቅጂ ፈርመው፣ ለወደፊቱ ቀን ተቆርጦ በቀዶ ጥገና መውለድ እንደሚሻለኝ ከግርጌው ጽፈው ሰጥተውኛል። ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፖስታ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።

ከልብ አመሰግናለሁ።
የሁለት ልጆች እናት