መስታወት ላይ የሚለጠፈውን አንቴና ለምን ተውነው፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ በራችን ላይ የለጠፍነው ወረቀት ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ ሰምተናል። ወረቀቱ የሚለው ሁለት ነገር ነው። የመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈውን የሬዲዮ «ዲጂታል አንቴና» ከእንግዲህ አንገጥምም፤ የአሮጌ መኪና አንቴና ማስገጠሚያም ከ800 ብር ወደ 1,800 ብር ከፍ ብሏል። ሳንነግራችሁ በድንገት መለጠፋችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አናጥፈውም። ለምን እንደማናጥፈው ደግሞ በርጫ ላይ ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ወሬውን ያቀጣጠለው የአንድ የሐረር ደንበኛችን ጉዳይ ነው። ወንድሙ ከኖርዌይ ሬዲዮና አንቴና ልኮለት፣ በፔጆ 404 ደንገጎን ወርዶ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ መጣ። ሬዲዮውን እገጥምልሃለሁ፣ አንቴናውን ግን ይዘኸው ተመለስ አልኩት። «ወንድሜ በብርድ ሠርቶ የላከውን ዕቃ አንተ ማነህ ቆሻሻ የምትለው?» ብሎኝ ወጣ። ወላሂ ቆሻሻ አላልኩም። ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው። ለአገሩ።

ኖርዌይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 አገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ከኤፍኤም አውጥታ ወደ ዲጂታል ሬዲዮ አዛውራለች። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከ2020 መጨረሻ ወዲህ አዲስ የቤት መኪና ሬዲዮ ካለው ዲጂታሉንም እንዲቀበል ግድ ነው። ስለዚህ እዚያ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ይህን አንቴና መስታወቱ ላይ ለጥፎ ይገላገላል። ድሬ ላይ ግን በዚያ መንገድ የሚያሰራጭ ጣቢያ የለም። የምንሰማው ኤፍኤም ነው፤ የራሳችን ድሬ ኤፍኤም 106.1 ሳይቀር። ቁጥሩ በመብራት ስለሚታይ ብቻ ሬዲዮውን ዲጂታል የሚሉ ሻጮች አሉ፤ እነሱን ተዉአቸው።

አንቴና ደግሞ የሚቆረጠው በሞገዱ ልክ ነው። ኤፍኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ላይ ስላለ፣ ደኅና አድርጎ የሚይዘው ዘንግ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በእኛ አነጋገር አንድ ክንድ ከስንዝር። የዲጂታሉ ሬዲዮ ከ174 እስከ 240 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ የእሱ አንቴና የዚህ ግማሽ ያህል ነው። ከኖርዌይ የመጣው ሬዲዮ ከኋላው ሁለት መሰኪያ አለው፤ ትንሿ የዲጂታሉ፣ ወፍራሙ የኤፍኤሙ። የተላከው አንቴና ትንሿ ላይ ብቻ ነው የሚገባው። ገጥሜ 800 ብር ብቀበል ደንበኛው ገና የከዚራን ሰፈር ሳያልፍ ምንም እንደማይሰማ ያውቅ ነበር። ያኔ ሌባ የምባለው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ለኤፍኤም ተብሎ የሚሸጠውን ተለጣፊ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ እየገዛን ሁለት ዓመት ገጥመናል። ርካሽ ነው፣ ላሜራ አይበሳም፣ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ግንቦት ሲመጣ ግን ፀሐይ ላይ የዋለ መስታወት ሙጫውን ያቀልጠውና ከሰዓት በኋላ አንቴናው ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ ወድቆ ይገኛል። መውደቁስ ባልከፋ። ተለጣፊው አጭር ስለሆነ በውስጡ ማጉያ አለው፤ ማጉያው ደግሞ ዘፈኑንም ጩኸቱንም እኩል ነው የሚያጎላው። ፑንቲና (የካንዴላውን ብልጭታ የሚቆጣጠረው ማቋረጫ) ያለው አሮጌ ሞተር በእያንዳንዱ የካንዴላ ብልጭታ ሬዲዮው ውስጥ ጠ-ጠ-ጠ ይላል፤ ዲናሞው ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ያፏጫል። አንድ የቶዮታ ዲኤክስ ባለቤት «ገንዘቤን የከፈልኩት ሞተሬን በስፒከር ለመስማት ነው ወይ?» ብለውኛል። አባባ ልክ ነበሩ።

የአሮጌ መኪና ችግር ብዙውን ጊዜ ከአንቴናው ይልቅ ማሳው (አንቴናው ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኝበት) ላይ ነው። ዘንጉ ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሚሠራው የመኪናው ላሜራ ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረ ፓራፋንጎ (የጎማው መሸፈኛ ላሜራ) ሦስት ዙር ቀለም ተቀብቷል፣ በስቱኮ ተሞልቷል፣ ብሎኑ ዝጓል። በቀለም ላይ የታሰረ አንቴና ማሳ የለውም። እኛ እንግዲህ ፓራፋንጎውን ከውስጥ በኩል ብረቱ እስኪያበራ እንፍቃለን፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ (የብሎን ቀለበት) እናስገባለን፣ እንዳይዝግ ግሪስ እንቀባለን፣ ቀዳዳውን በጎሚኒ እንዘጋለን። ኬብሉን ከዲናሞውና ከካንዴላ ገመድ አርቀን እናሳልፋለን። አጥሮ ከተገኘ የስፒከር ሽቦ አንቀጥልበትም፤ ትክክለኛውን የአንቴና ኬብል ሙሉውን እንቀይራለን። መጨረሻ ላይ ከአንቴናው እግር እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ በቴስተር እንለካለን፤ ንባቡ ዜሮ አካባቢ ካልሆነ መኪናው ከሱቁ አይወጣም። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። «ለአንድ ዘንግ ግማሽ ቀን?» የምትሉኝ ለዚህ ነው የማዝነው። ዘንጉን ማሰር እኮ አሥር ደቂቃ ነው።

«መኪናዬን አትብሳብኝ» የምትሉም አላችሁ፤ እረዳለሁ። የድሮው ቀዳዳ ካለ አዲስ አንበሳም። በፊት መስታወቱ ምሰሶ ላይ ተስቦ የሚወጣ አንቴና ያላቸውን ዲኤክሶች ዘንጉን ብቻ ቀይረን ስንቱን ለቀናል።

ቪትዝ የያዛችሁ ደግሞ አንቴና አትግዙ። ከጃፓን የመጣ ሬዲዮ የአገሩን ኤፍኤም ተከትሎ የተሠራ ነው፤ ከ76 ጀምሮ 90 ወይም 95 ላይ ያበቃል። 106.1 ጋ የማይደርሰው በዚያ ምክንያት ነው። እሱን የሚፈታው ባንድ ኤክስፓንደር (የላይኛውን ሞገድ ወደ ሬዲዮው ክልል የሚያወርድ ዕቃ) ወይም ሌላ ሬዲዮ ነው። ደንገጎ መታጠፊያው ላይ ጣቢያው ሲጠፋባችሁም እኛን አትውቀሱ፤ ኤፍኤም ተራራ አያልፍም።

ስለ ዋጋው። ብር በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር መቶን ካለፈ ቆይቷል። ኬብሉ፣ ሮንዴላው፣ ስታኞው (የሽቦ መበየጃው) ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። በዚያው ዓመት ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለከል አሮጌው መኪና ከረመ፤ ሥራ በዛልህ ትሉኛላችሁ። በዝቷል፤ ግን የሚመጣልኝ ሁሉ ሽቦው በሦስት ኤሌትሪሻን የተቆራረጠ ነው። ከ1,800 ብሩ ውስጥ የሚበልጠው ለዕቃ ይሄዳል። የተረፈው ለሁለቱ ልጆች ደሞዝና ለቤት ኪራይ ነው፤ አከራዩም አልራሩልኝም። ማጋነን ከመሰላችሁ ደረሰኞቹን መሳቢያዬ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በ1986 ነው፤ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ እኔ ከለገሃር ጎን በአንድ ጠረጴዛ ሬዲዮ እጠግን ነበር። በ1998 የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ሱቁ ውስጥ የነበረው የሰው ሬዲዮ በሙሉ ጭቃ ገባበት። ጠዋት ደንበኞች ክፈለን ብለው ይመጣሉ ብዬ ስፈራ፣ ባልዲ ይዘው መጡ። አንዷ ደንበኛችን የተነከሩትን ሬዲዮዎች ቤቷ ወስዳ አጣጥባ ጣሪያ ላይ አሰጣችልን። እንዲህ ያለውን ሰው የማይሠራ አንቴና ሸጬለት በየት በኩል ዓይኑን አየዋለሁ? ኮርቷል የምትሉኝ ይህን ብታስታውሱልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከጎናችን ያለው ሱቅ አሁንም በ500 ብር ይለጥፋል፤ ወደዚያ የሄዳችሁትን አልቀየምም። ትንሽ ግን ከፍቶኛል።

ላለፈው የምንችለውን እናደርጋለን። ባለፈው አንድ ዓመት ከእኛ ዘንድ ተለጣፊ ያስገጠማችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ከመጣችሁ፣ የከፈላችሁትን ግማሽ ከአዲሱ ሥራ ላይ እንቀንሳለን። ደረሰኝ የጠፋበትም ይምጣ፤ ፊታችሁን አውቀዋለሁ። ማሳ መለካት ለማንም በነጻ ነው። የሐረሩ ወንድሜ ደግሞ ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ፣ ሬዲዮህን ከእኛ ዘንድ ባለ 75 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ጋር የእጅ ዋጋ ሳንጠይቅህ እንገጥምልሃለን፤ የወንድምህን አንቴና ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠው።

የምንሠራው ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ነው። ለአንቴና ጠዋት ብትመጡ ላሜራው ሳይግል እንጀምራለን። ባትሪ ስለምንፈታ፣ ሬዲዮዋችሁ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፤ ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት መኪና ሬዲዮው ተቆልፎበት አድሯል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቃችሁ ባለቤት
ድሬዳዋ