ስንት ትራስ ተደግፈው ነው የሚተኙት?

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

የተከበሩ የቢሮ ኃላፊ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ ባሕር ዳር የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ አክስቴ ጫማና ስለ ልቧ ነው።

አክስቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። ቡና ለቅማ፣ ጌሾ ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። አምና ክረምት ላይ ኮንጎ ጫማዋ እምቢ አላት። ጠዋት እንደምንም ይገባል። ማታ ስታወልቀው ግን የጫማው ቀዳዳ ሁሉ እግሯ ላይ ታትሞ ይቀራል። እሷም "ፕላስቲኩ ፀሐይ መቶት ጠበበ" ብላ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ገዛች። ወር ሳይሞላ እሱም ጠበበ።

ሌሊት ደግሞ ጋቢ አጣጥፋ ትራሷ ላይ ትደርባለች። ቆይታ ሌላ ጋቢ። መጨረሻ ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ ቁጭ እንዳለች ነበር የሚነጋላት። እንቅልፍ ሲወስዳት ትንፋሽ ያጥራትና ብድግ ብላ በሩን ትከፍታለች። ጎረቤት "የሐይቁ ብርድ ነው" አለ። ሌላው "እርጅና" አለ። የሰው ዓይን ነው ያለም አልጠፋም። ጸበልም ተጠመቀች። ጸበሉ ክፋት የለውም፤ ጎን ለጎን ካርድ ማውጣትም ነበረባት እንጂ።

እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ ከተማ አመጣኋትና አንድ ክሊኒክ ይዣት ገባሁ። ደሟን አይተው "ታይፎይድ ነው" አሉን። መርፌ ተወጋች። ግፊቷን የለካ የለም፤ እግሯን የነካም የለም። ሁለት ሳምንት እንዲሁ ባከነ። በኋላ ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም ካርዱን እንኳ ሳትገልጥ፣ "እማማ፣ ስንት ትራስ ተደግፈው ነው የሚተኙት?" አለቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ያለውን ቦታ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ያዘች። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፤ ሊጥ የተጫኑ ያህል። ግፊቷ 190 በ110 ነበር። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ስትነሳ ልቧ ሰፍቶ ታየ።

የልብ ድካም ተባለ። ስሙ ራሱ ያሳስታል። ዘመድ ሲሰማ ግማሹ ልቧ ቀጥ ያለ መስሎት አለቀሰ፤ ግማሹ "ዕረፍት ነው የሚያስፈልጋት" አለ። ሐኪሟ ያስረዳችን ግን እንዲህ ነው። ልብ አልቆመም፤ ደም የመግፋት አቅሙ ነው የቀነሰው። ወደፊት ያልተገፋው ወደ ኋላ ይጠራቀማል። ሰውየው ቆሞ ሲውል ውኃው እግሩ ላይ ይወርዳል፣ ሲተኛ ሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል። ሆድም ሊነፋ፣ የምግብ ፍላጎትም ሊጠፋ ይችላል።

ክቡር ኃላፊ፣ ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ነው። የዚያች ሐኪም ጥያቄ መሣሪያ አይፈልግም፤ አውራ ጣትም አይገዛም። ታዲያ ለምን ሆስፒታል በር ላይ ብቻ ይጠየቃል? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ እርግዝና ይጠይቃሉ። እግረ መንገዳቸውን ስለ ትራስም ይጠይቁ። እግር ጫን አድርገው ይዩ። የግፊት መለኪያ ይዘው ይዙሩ፤ ያለቀ ባትሪም ይተካላቸው። ግፊት ሳያሳምም ዓመታት ይቆያል። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ እየሆነ ከመጣ ክትትል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አክስቴ ከዚያ በፊት በዕድሜዋ አንድም ቀን ተለክታ አታውቅም።

አራሶችም ይጠየቁ። አንዳንድ እናት በእርግዝናዋ መጨረሻ ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት ወራት ልቧ ይደክማል። እኛ ጋ "አራስ ናት፣ ይደክማታል" ተብሎ ይታለፋል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የልብ ድካም የሽማግሌ በሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ ነበር፤ ሰኞ ጉልበቱን አሞት እያነከሰ መጣ፤ ሐሙስ ጉልበቱ ተሽሎት ክርኑ አበጠ። "ኳስ ነው" ብዬ አሳለፍኩት። ቀደም ብሎ ጉሮሮውን አሞት ነበር። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ እንዲህ አያደርግም። በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ የመጣው ግን በጊዜ ካልታከመ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ፣ ተዟዟሪ ቁርጥማት ያስነሳና የልብ በር ያበላሻል። በሩ በደንብ አልዘጋ ወይም አልከፈት ሲል ልብ በልጅነቱ ይደክማል። የጉሮሮ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢያገኝ መከላከል ይቻላል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ልጁን ማድማት ብቻ ነው ትርፉ።

ያ ልጅ ዛሬ በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ይወጋል። መርፌው ያማል፤ ቀኑ ሲደርስ ፊቱ ላይ ይታያል። የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ጨክኖ፣ ከትምህርት ቀርቶ ይሄድና "መርፌው አልመጣም" ተብሎ ይመለሳል። አንዴ ብቻም አይደለም። በየመሃሉ ሲቋረጥ ቁርጥማቱ ይመለሳል፣ የልቡም በር እንደገና ይጎዳል። በሩ አንዴ ከተበላሸ ቀዶ ሕክምና ነው የሚቀረው። ለዚያ ደግሞ የባሕር ዳር ሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ወረፋ ይጠብቃል። በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ይህን ከጉሮሮ ሕመም የሚነሳ የልብ በሽታ እንዲከላከሉ ውሳኔ አሳልፏል። እኛ ጋ ውሳኔው ማለት መርፌው መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ነው። አለርጂ ፈርቶ መውጋት የማይደፍር ባለሙያም አለ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ሥልጠናና አጠገቡ የሚቀመጥ አድሬናሊን፣ ማለትም የከባድ አለርጂ ማርገቢያ መድኃኒት፣ ይሰጠው።

ስለ መድኃኒት ቤቶችም አንድ ነገር ልበል። አክስቴ ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ እንደ ከረሜላ ነበር የምትገዛው። ይህ ዓይነት ማስታገሻ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ስለሚያደርግ የደከመ ልብን የባሰ ያደክመዋል፤ ግፊትም ይጨምራል። ሲሸጥላት "ግፊት አለብሽ ወይ?" ያላት ሰው የለም። መሸጫው መስኮት ላይ ይህን የሚያስጠይቅ መመሪያ ቢለጠፍ ምን ይከብዳል? ጨውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ አትሞላም። እኛ "ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ" እያልን ያደግን ሕዝብ ነን። በርበሬው ላይ አለ፣ ሽሮው ላይ አለ፣ ወጡ ላይ ደግሞ ይጨመራል። ዘመቻ ማድረግ ቀላል አይሆንልዎትም።

አክስቴ አሁን ደህና ናት። የጤና መድን አላት። መድኃኒቱ ከመንግሥት ፋርማሲ ሲጠፋ ግን ካርዱ አያድናትም፤ ከኪስ ነው የሚገዛው። የሚያሸናትን ኪኒን ደግሞ ገበያ ስትመጣ ትዘለው ነበር። "ጀልባ ላይ ምን ላድርግ ልጄ?" አለችኝ። ሐኪሟን ስንጠይቃት "ሲመለሱ ከሰዓት ይዋጡት" አለች፤ ተፈታ። ይህን የሚነግራት ሰው ዘጌ ላይ ቢኖር ኖሮ ስንቱን ኪኒን ባልዘለለችው ነበር። ጠዋት ጠዋት የቡና ነጋዴው ሚዛን ላይ ትወጣለች። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረች ውኃ ነው ማለት ነውና ትደውልልኛለች። ነጋዴው "ዛሬ ዋጋሽ ስንት ወጣ?" እያለ ይቀልድባታል።

ከቢሮዎ የምፈልገው መልስ አጭር ነው። ጣና ዳር ባሉ ጤና ጣቢያዎች ባለፈው ዓመት በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ስንት ቀን ጠፋ? የግፊት መድኃኒቱስ? መዝገቡ ካለ በየጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍልን። ከሌለ ከዚህ ወር ጀምሮ ይመዝገብልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሽምብጥ ነዋሪ መምህር